የቦዩ በር

ቨርና ኬስለር የዓመቱን ሥራ ሁሉ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። ከቁርስ የተረፈ የኦቾሎኒ ቅቤ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ደርቋል። ልትጠርገው አሰበች። ለመጥረግ ግን ጨርቅ ማምጣት፣ ጨርቅ ለማምጣት ደግሞ መነሳት ነበረባት። ተወችውና ወረቀቶቹን ከእሱ ራቅ አድርጋ መደርደር ጀመረች።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ስታውፈር ይመጣሉ።

እዚያ ሸለቆ ውስጥ ልጆቹን በቤቱ የሚያስተምር ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት እንግዳ ይቀበላል። ወይዘሮ ስታውፈር ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የልጆቹን ማኅደር ያገላብጣሉ፣ ልጆቹን ያነጋግራሉ፣ ከዚያ «ተምረዋል፤ ወደፊትም ሄደዋል» የሚል ደብዳቤ ይፈርማሉ። አለዚያም አይፈርሙም። ባለፈው ዓመት ሲፈርሙ ከደብዳቤው ግርጌ አንዲት መስመር በእጃቸው ጨምረው ነበር፦ «በሚቀጥለው ዓመት ሩፈስ ራሱ ሲያነብ መስማት እፈልጋለሁ።» የዚያን ዕለት ሩፈስ አራት ቃል አንብቦ፣ አምስተኛው ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ጥሎ ወደ ጎተራው ሮጦ ነበር።

ያቺን መስመር የቨርና ባል ግሌን አልረሳትም። ግሌን የወተት ቦቴ ይነዳል፤ ቤት ውስጥ ብዙ አይገኝም፤ ሲገኝም ብዙ አይናገርም። የካቲት ውስጥ አንድ እሑድ ግን ካልሲውን እያወለቀ፣

«ስሚ ቨርና፣ ልጨቀጭቅሽ ብዬ አይደለም» አላት። «ሴትዮዋ ዘንድሮ ለሩፈስ ካልፈረሙ በመስከረም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ይወጣል። በቃ። አንቺም ሰው ነሽ፤ ታልቂያለሽ።»

«እሺ» አለች። መከራከር ደክሟት ነበር።

ሩፈስ ትምህርት ቤትን አንድ ዓመት ሞክሮታል። ያን ዓመት በየጠዋቱ ሆዱን ያመው ነበር። ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ አስመለሰው፤ ልጆቹም ስም አወጡለት። አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ቢጫው አውቶቡስ ዳገቱን ሲወጣ ከሰማ ጎተራ ውስጥ የሚሠራው ነገር ትዝ ይለዋል። ቨርና ይህን ታውቃለች። ለማንም ያልተናገረችው ሌላ ነገርም አለ። አውቶቡሱ ሲያልፍ እሷም በመስኮት ታየዋለች። ልጆቹ ተሳፍረውበት ሄደው፣ ቤቱ ጭጭ ሲል፣ አንድ ስኒ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሲጠጣ ምን እንደሚመስል ታስባለች። ከዚያ ታፍራለች።

ልጆቹ አንድ ማኅፀን ያፈራቸው አይመስሉም። ትልቋ ሄስተር ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከመጽሐፍ ውስጥ ጎትተው ካላወጧት እራት የማትበላ ልጅ ናት። ሩፈስ ደግሞ እጁ ካልሠራ ጆሮው አይሰማም። የአራት ዓመቷ ዶሊ ገና ምን እንደምትሆን አልታወቀም፤ ለጊዜው ማፍረስ ላይ ናት። ለሁለቱ ትልልቆች ቨርና ብዙ አስባ አንድ ሕግ አውጥታ ነበር፦ ሁለቱም ሁለቱንም ይሠራሉ። አንድ ጥሩ መጽሐፍ ይመረጣል። እያንዳንዳቸው ምዕራፉን በፈለጉት ቦታ ለብቻቸው ያነቡና መጥተው ለእናታቸው በራሳቸው አንደበት መልሰው ይነግሯታል፤ እሷ ትጽፋለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ ነገር መርጠው በእጃቸው ይሠራሉ። የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

የዘንድሮው መጽሐፍ በጀልባ ላይ ስለሚኖር የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ጀልባቸውን በቅሎ እየጎተተችላቸው በቦይ ይጓዛሉ። የድሮው ቦይ ከነቨርና ጓሮ ያልፋል፤ ደርቆ፣ ሣርና ቁጥቋጦ ውጦት። ሄስተር ከመጽሐፉ መርጣ የሠራችው፣ በሮቹ ተዘግተው ውሃ ሲሞላ ጀልባ ከዝቅተኛ ውሃ ወደ ከፍተኛ ውሃ የሚወጣበትን የቦይ ክፍል ነው። ከእንጨት የተሠራ ሣጥን ሆኖ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ባለሁለት ክንፍ በሮች አሉት። ማጠፊያው ከአሮጌ ቀበቶ የተቆረጠ ቆዳ ነው። ከእሱ በፊትም የወፍ ቤትና የሱፍ ጓንት ሠርታ አሳይታለች። ቨርና ባየችው ቁጥር «ይቺ ልጅ እጅም አላት ለካ» ትል ነበር።

ይኸን እያሰበች ሳለ ከመደርደሪያው በኩል የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማች።

«እኔ አይደለሁም» አለች ዶሊ። በአንድ እጇ የፕላስቲክ ዳክዬ፣ በሌላው የተገነጠለ በር ይዛለች።

«ማነው ታዲያ?»

«ዳክዬው ነው። መዋኘት ፈለገ።»

ቨርና ዐይኗን ጨፍና ገለጠች። «ሄስተር!» ብላ ተጣራች። ሄስተር በረንዳው ላይ ዥዋዥዌ ወንበር ውስጥ ነበረች። ሦስት ጊዜ ተጠርታ፣ ጣቷን ገጹ መካከል አድርጋ መጣች።

«በርሽ ወልቋል፤ ነይ ግጠሚው።»

«ሩፈስ ሲመጣ አይሻልም?» ሩፈስ በማለዳ ከአባቱ ጋር በወተት መኪናው ወጥቷል።

«ሩፈስን ምን አደረገው? ሥራው ያንቺ። ሁለት ሚስማር ነው፤ መዶሻው እዚያ አለልሽ።»

ሄስተር መዶሻውን አንገቱ ላይ፣ እንደ ዶሮ፣ አንቃ ያዘችው። በሩን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ አዙራ ሣጥኑ ላይ ለካችው። መጨረሻ ላይ የደገነችው በተቃራኒው ነበር፤ ውሃ ቢሞላበት በሮቹ ወለል ብለው የሚከፈቱበት አኳኋን።

«የበሩ ሹል ወዴት ነው የሚዞረው?» አለች ቨርና።

ሄስተር ለዚህ መልስ አላጣችም። «‹ሁለቱ በሮች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ወደ ከፍተኛው ውሃ ይሾላሉ፤ ውሃው በገፋቸው መጠን እየጠበቁ ይሄዳሉ።› ገጽ ስልሳ አራት።»

«ጎበዝ። እጅሽ ላይ ያለው ወዴት ነው የሾለው?»

ሄስተር በሩን አየችው። ብዙ አየችው። «ወደ… ዶሊ» አለች።

ቨርና ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ወዲያው ግን በሩን የሠራ እጅ ይህን አይስትም ስትል አሰበች። «ሄስተር፣ ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ማነው የሠራው?»

«ሩፈስ።»

«የወፏን ቤትስ?»

«ሩፈስ።»

«የሱፍ ጓንቱ? የሹራብ ሥራ እንኳ?»

«አውራ ጣቱን እኔ ጀምሬው ነበር» አለች ሄስተር፤ እንባዋ መጣ። «ሩፈስ ‹ይሄ የአውራ ጣት ነው የአህያ ጆሮ?› ብሎ ተርትሮ እንደገና ሠራው።»

«እና እሱ ምን አግኝቶ ነው ያንቺን ሥራ የሚሠራው?» አለች ቨርና። ጥያቄውን ሳትጨርስ መልሱን አወቀችው። እጇ ሥር የሩፈስ ማኅደር ነበር፤ በራሷ የእጅ ጽሕፈት የተሞላ፣ ሩፈስ መጥቶ መልሶ የነገራት ሠላሳ አንድ ምዕራፍ።

«አነብለት ነበር» አለች ሄስተር። «ጎተራው ውስጥ። እሱ የእኔን ይሠራል፣ እኔ የእሱን አነባለሁ። ከዚያ መጥቶ ይነግርሻል።»

«ሠላሳ አንዱንም?»

«ሠላሳውን። አንዱን ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ራሱ ፈጠረው።»

ቨርና ልትቆጣ ሞከረች። ቁጣ ግን ጉልበት ይፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ በማለዳ እየተነሳች፣ ምድጃ ላይ ማካሮኒ እየገነፈለባት፣ ዶሊን በአንድ ክንዷ ታቅፋ፣ በሌላው የጻፈችው ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖ ታያት።

«እማዬ» አለች ሄስተር በቀስታ፣ «ካልነገርናቸው ወይዘሮ ስታውፈር አያውቁም እኮ።»

«ሂጂ፣ መጽሐፍሽን አንብቢ» አለቻት።

ሩፈስ ሲመለስ ወተት ወተት ይሸታል። ቨርና ጎተራው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ሲያያት ቆም አለ፤ አጠገቧ ያለውን የተገነጠለ በር አየ።

«ሄስተር ለፈለፈች?»

«በሩ ነው የለፈለፈው። ና ተቀመጥ።» የቦዩን መጽሐፍ ከፍታ ጭኑ ላይ አኖረችለት። «አንብብልኝ።»

ሩፈስ አፍንጫውን ገጹ ላይ ሊተክል ደረሰ። የመጀመሪያውን ቃል አገኘው። ሁለተኛውን ዘሎ ሦስተኛውን ያዘ፤ ተመልሶ ሁለተኛውን አነሳው። ግንባሩ ላይ ላብ ቸፍ አለ። አንድ መስመር ለመጨረስ የፈጀበት ጊዜ ግሌን ቦቴውን አጥቦ የሚጨርስበትን ያህል መሰላት። ቢሆንም አለቀ።

«እኔ ፊደል እጠላለሁ፤ እሷ ሙጫ ትጠላለች» አለ መጽሐፉን እየዘጋ። «ተስማማን። ማንን ጎዳን?»

ቨርና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መጋዞች አየች። እያንዳንዱ ሚስማሩን አግኝቶ፣ በመጠን በመጠኑ ተደርድሯል። «ሁለታችሁን ደምሬ አንድ ልጅ ነው ያስተማርኩት» አለችው።

«ጥሩ ልጅ ግን ነው» አለ ሩፈስ።

መጽሐፉን መለሰላትና፣ «አውቶቡስ ነው አይደል?» አላት።

«ሰኞ እናያለን።»

ቅዳሜ ለግሌን ነገረችው። ጎማውን እየፈተሸ ሰማትና ቀና ሳይል፣ «እንግዲህ ቃላችን ቃል ነው» አላት።

«ነው።»

«ባይፈርሙ ይከፋሻል?»

ቨርና አውቶቡሱ ወደሚወጣበት ዳገት ተመለከተች። ግሌን ቀና ብሎ አያት። ተመልሶ ጎማው ላይ ጎንበስ አለ።

እሑድ ከሰዓት ማኅደሩን እንደገና ከፈተችው። ሄስተር እንዳለችው እንዳለ ቢቀርብ ማንም አያውቅም፤ ሩፈስ አንድ ገጽ በቃሉ ያጠናል፣ ያልፋል። በመስከረም ግን እሷ እዚሁ ወንበር ላይ ሆና ይኸንኑ ውሸት መጻፍ ትቀጥላለች። እስክሪብቶ አነሳች። በሠላሳዎቹ ምዕራፎች ራስ ላይ «ሄስተር ያነበበችለት» ብላ ጻፈች፤ በሠላሳ አንደኛው ላይ «ሩፈስ የፈጠረው»። የእንጨቱን ሥራ፣ የወፏን ቤትና ጓንቱን ከሄስተር ማኅደር አውጥታ ወደ ሩፈስ አዞረች። ስትጨርስ የሄስተር የእጅ ሥራ ክፍል ባዶ፣ የሩፈስ ንባብ ክፍልም ባዶ ሆነ።

ወይዘሮ ስታውፈር ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። አጭር፣ ነጭ ጠጉራም ሴት ናቸው፤ በሁለቱም ጆሯቸው የመስሚያ መሣሪያ አድርገዋል። በኮምጣጤና በቀይ ሥር ውሃ የተዘፈዘፈ ቅቅል እንቁላል ቀረበላቸው፤ ግማሹን እየበሉ ማኅደሩን ማገላበጥ ጀመሩ። በሠላሳዎቹ ምዕራፎች ላይ ሲደርሱ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ይሄ ምንድነው የኔ ልጅ?»

ቨርና ነገረቻቸው። ምንም አላስቀረችም። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ።

«አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉ ሴትዮዋ፤ «ልጇን ራሷ የምታጋልጥ እናት ገና ማየቴ ነው። ና አንተ ጎረምሳ፣ ከዚህ ቁጭ በል።»

ሩፈስ ተቀመጠ። ቨርና የቦዩን መጽሐፍ ልታቀብላቸው ስትል እጃቸውን አወናጨፉ። «ያንን ሲሰማው ከርሟል።» ከቦርሳቸው ታጥፎ ታጥፎ የተቀደደ ወረቀት አወጡ። የመስሚያቸው መመሪያ ነበር። «ይሄን አንብብልኝ። ጮክ በል፤ እኔ ደንቆሮ ነኝ።»

ሩፈስ ወረቀቱን ያዘ። ዐይኑ አንድ ጊዜ ወደ ጎተራው ሄደ። ቨርና አየችው፤ እግሩ ከወንበሩ ሥር መንገድ ጀምሯል። ከዚያ ዐይኑ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

«ባት… ባትሪውን… ከ… ከመ… ከመክተትዎ በፊት… እጅዎን… በ… በደንብ… ያድ… ያድርቁ።»

ዶሊ በዚህ መካከል አንድ ሙሉ እንቁላል በላች። ሩፈስ ወረቀቱን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቀኝ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ደግሞ ወደ ቀኙ አዛውሮ ግራውን ጠረገ። ጨርሶ አላስተዋለውም። ሁለተኛውን መስመር ጀመረ። ቨርና ግን አየችው፤ እጆቹን አየቻቸው። የማያውቀውን ወረቀት አንብቦ፣ የተጻፈውን እጁ ሰምቶታል።

ሦስት መስመር ላይ ወይዘሮ ስታውፈር አስቆሙት። «አምና ስንት ቃል ነበር?»

«አራት። ከዚያ ሮጥኩ።»

«ዛሬስ ለምን አልሮጥክም?»

«እንጃ» አለ ሩፈስ። «ባትሪው ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ተራው የሄስተር ሆነ። በሩን እንድትገጥም ታዘዘች። መዶሻው ጣቷን መታት፤ ሚስማሩ ተጣመመ፤ ሌላ ሚስማር ወሰደች። ሩፈስ እጆቹን ብብቱ ሥር ወትፎ ይወራጫል።

«አዙሪው! ኧረ አዙሪው!»

«አንተ ዝም በል፣ ስታነብ እኔ አፌን ይዤልህ የለም?»

ሁለት ጊዜ በተቃራኒው ገጠመች። በሦስተኛው አፏን እያንቀሳቀሰች፣ ገጽ ስልሳ አራትን ለራሷ እየደገመች፣ ሹሉን ወደ ከፍተኛው ውሃ አዞረችው። ውሃ በማንቆርቆሪያ ተሞላ። በጎን በኩል ያንጠባጥባል፤ በሮቹ ግን ተገፍተው ግጥም አሉ።

«አሃ!» አለች ሄስተር። «ውሃው ራሱ ነው የሚዘጋው!»

«ዓመቱን ሙሉ ያነበብሽልኝ ምን መስሎሽ ነበር?» አላት ሩፈስ።

ወይዘሮ ስታውፈር ልጆቹን ወደ ውጭ ሸኟቸው። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አወጡ፤ ግን አልጻፉም። «ልጁ ከእኩዮቹ ሁለት ዓመት ወደኋላ ነው። አላሞኝሽም። ልጅቷም አነጋገሯ ትልቅ ቢሆንም በእጇ ገና ሕፃን ናት። ሕጉ ግን የሚጠይቀኝ ‹ወደፊት ሄዷል ወይ› ብሎ ነው፤ ‹ሩቅ ሄዷል ወይ› አይልም። ልፈርም እችላለሁ። አልፈርምም ብልም የሚፈርድብኝ የለም።» ቨርናን ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺስ? እንድፈርም ትፈልጊያለሽ?»

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ጸጥ ያለው ቤት ታያት፤ ያልቀዘቀዘው ሻይ ታያት፤ ማንም ያልጠራት፣ ማንም ምንም ያልሰበረበት ረጅም ጠዋት ታያት። በጣም ያምር ነበር። ከዚያ ሱሪው ላይ የሚጠረጉት ሁለት እጆች መጡባት። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ቢሆን ኖሮ ያንን ማን ያይለት ነበር?

«ይፈርሙ» አለች። ድምፅዋ የደስታ አልነበረም፤ ያወረደውን ሸክም መልሶ የሚሸከም ሰው ድምፅ ነበር።

«በጥቅምት ተመልሼ እሰማዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ስታውፈር እየፈረሙ። «ሌላ ሰው እንዳያነብለት።»

«ሕጉ ከዛሬ ጀምሮ ተቀይሯል» አለች ቨርና። «እሷ ጎተራ፣ እሱ ሳሎን።»

እንግዳዋን ሸኝታ ስትመለስ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ጫማዋን አላወለቀችም። ሩፈስ የቦዩን መጽሐፍ ይዞ መጣና እግሯ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ወደ ጎተራው አየና ተነፈሰ።

«ምዕራፍ አንድ» አለ። «በ… በቅሎዋ… በዚያን… ቀን ጠዋት…»

ቨርና ስለ በቅሎዋ ትሰማ ነበር። ከዚያ በቅሎዋ ርቃ ርቃ ሄደች።

«እማዬ፣ ተኝተሻል።»

«አልተኛሁም።»

«እንግዲያው መልሰሽ ንገሪኝ።»

ቨርና አሰበች። «በቅሎዋ… ጠዋት ነበር» አለች። ሌላ አልመጣላትም። ከጎተራው የመዶሻ ድምፅ፣ ቀጥሎም የሄስተር «ውይ!» ተሰማ።

ሩፈስ ልክ እንደ እሷ አድርጎ ዐይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «በይ እሺ» አላት፤ ገጹን ወደኋላ መለሰ። «ከመጀመሪያው ነው።»